ሰንጢ ምን አደረገች?

ባለፈው ዓመት አንድ ጉዳይ ነበረኝና ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር፤ ዛሬ በር ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ነው። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ልጅ እግር ነው፤ ሥርዓትም አለው። ኪሴን ዳበስ ዳበስ አደረገና እጁ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንድነች?»

አወጣሁለት። ስትታጠፍ ከሌባ ጣቴ የማትበልጥ፣ የቀንድ እጀታዋ በዕድሜ ብዛት የለሰለሰ ሰንጢ ነች። ከአባቴ ነው የወረስኳት።

«ምን ያደርጉባታል?»

«ብርቱካን እልጥባታለሁ። እርሳስ እቀርጽባታለሁ።»

ሳቀ። በክፋት አይደለም፤ ሃምሳውን ያለፈ ሰውዬ እርሳስ እቀርጻለሁ ሲል ማን አይስቅም? «ሲወጡ ይወስዷታል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጣት። ስወጣ ፈረቃ ተቀይሯል። መሳቢያው ተከፈተ፤ ማበጠሪያ አለ፣ የክብሪት ቀፎ አለ፣ ባለቤቱ የተረሳ የቁልፍ ዘለላ አለ። ሰንጢዬ የለችም። የተተካው ጥበቃ «ሰንጢ?» አለና ከእግር እስከ ራሴ ቃኘኝ። በዚያች ቅጽበት ዕቃ የጠፋበት ሰው መሆኔ ቀርቶ ዕቃ የተገኘበት ሰው ሆኜ አረፍኩት። «ይቅር፣ ግድ የለም» ብዬ ወጣሁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይሄን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ጓደኞቼ ቁርጥ ቤት ወሰዱኝ። እዚያም በር ላይ ተፈተሽን። ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ግን አስተናጋጁ ሥጋውን በትሪ አቀረበና ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቢላዋ አደለን። ምላጭ የሚያስንቅ ስለት ያለው፣ ርዝመቱ ሰንጢዬን ሦስት እጥፍ የሚሆን ቢላዋ! አዳራሹ ውስጥ ወደ ስልሳ የምንጠጋ ሰዎች ነበርን። ስልሳ ሰው፣ ስልሳ ቢላዋ፤ ያውም ቢራና አረቄ ተጨምሮበት። ከእኛ ጠረጴዛ አጠገብ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ሥጋውን በጥርሱ ነክሶ፣ ስለቱን ከአፍንጫው ሥር ወደ ላይ ሽው ያደርገዋል። ማንም ማንንም አልፈራም።

እንግዲህ አንዱ ስለት ጠዋት በሩ ላይ ወንጀል፣ ሌላው ስለት ማታ ጠረጴዛው ላይ መስተንግዶ የሆነበት ምክንያት ምንድነው? ብረቱ ያው ብረት ነው። ሰውዬውም ያው እኔው ነኝ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው በመሆኔ አንድ ነገር ሲምታታብኝ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ቃሉ ነው። አማርኛችን ለስለት ስም አይነፍግም። ቢላዋ አለ፤ ቢላዋ የጓዳ ነው፣ የሽንኩርትና የጎመን ነው። ካራ አለ፤ ካራ የአራጅ ነው፣ በበዓል ዋዜማ ይሳላል። ጩቤ አለ፤ ጩቤ ደግሞ ከጥንትም ሥራው ሌላ ነው፣ «ጩቤ» ብሎ ሽንኩርት የሚያስብ የለም። ሰንጢስ? ሰንጢ ታጥፋ ኪስ የምትገባ ትንሽ ቢላዋ ነች። በተፈጥሮዋ ለጓዳው ቢላዋ ታናሽ እህት ነበረች። ከተማው ግን ለጩቤ ዳራት። ዛሬ «ሰንጢ» ሲባል በሰሚው አእምሮ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው የተላጠ ብርቱካን አይደለም። ምሽት ነው፣ ጨለማ ጥግ ነው፣ «ያለህን አምጣ» ነው። ጋዜጣው ላይም ሰንጢ ከፖሊስ ዜና ውጪ ሌላ ዓምድ የላትም።

ሁልጊዜ እንዲህ ነበረች? አልነበረችም። ማስረጃውን ከጎንደር ልጀምር።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። ያየውን የጻፈበት ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ የታተመው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1790 ነው። ጥሬ ሥጋ ስለሚበላበት ግብዣ የጻፈው ምዕራፍ በአገሩ መሳቂያ አድርጎት ነበር፤ ውሸታም ተባለ። በዚያ ግብዣ አተራረኩ ላይ ማጋነን የለበትም አልልም። ነገር ግን አንባቢ ሁሉ በሥጋው ተደንቆ ሳያያት የሚያልፋት አንዲት ትንሽ ዝርዝር እዚያ አለች። ብሩስ እንደሚነግረን በማዕዱ ላይ ወንዱ በሁለት ሴቶች መካከል ይቀመጣል። ወንዶቹ ትልልቅና ጠምዛዛ ቢላዋ ይዘዋል፤ ይሄው ቢላዋ በጦርነት ጊዜ ለሁሉም ነገር ያገለግላቸዋል። ሴቶቹ ግን የያዙት ትንንሽ፣ የሚታጠፍ ቢላዋ ነው። እንደውም ብሩስ በቢርሚንግሃም ከተማ ከሚሠሩት፣ በአንድ ሳንቲም ከሚሸጡት ርካሾች ጋር ያወዳድረዋል። ወንዱ ከሙዳው ይቆርጣል፤ ሴቶቹ በዚያች በምትታጠፈው ቢላዋ ያንን ሥጋ በቀጫጭኑ ይተለትሉታል፣ ይከትፉታል፣ በእንጀራ ይጠቀልሉና ያጎርሱታል።

ልብ በሉ! ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በጎንደር ሰንጢ የጉርሻ መሣሪያ ነበረች። የወይዛዝርት ዕቃ ነበረች። የወንዱ ቢላዋ ለጦርም ለማዕድም ሲሆን፣ የእሷ ሥራ ሰውን ማጉረስ ብቻ ነበር። ብሩስ ሌላ ሌላውን አጋኖ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሳንቲም ስለሚሸጥ ቢላዋ ዋሽቶ ግን ምን ያተርፋል?

ሁለተኛው ማስረጃ ደግሞ ከእኔው ሙያ ሰፈር ነው። ብዕር የምንለው ቃል ከግእዙ «ብርዕ» የመጣ ነው፤ ብርዕ ማለት ሸምበቆ፣ መቃ ማለት ነው። መቃ ግን ዝም ብሎ አይጽፍም። ጫፉ በስለት መቀረጽ፣ መሾል፣ መሐሉ ላይ መሰንጠቅ አለበት። ሲደንዝ እንደገና ይቀረጻል። ቁም ጸሐፊው ብራናው ላይ ቢሳሳት ስህተቱን የሚያርመው በስለት ፍቆ ነው። ስለዚህ በየገዳሙና በየደብሩ የምንኮራባቸው መጻሕፍት ሁሉ ሲጻፉ፣ ከቀለሙ ቀንድ አጠገብ አንዲት ትንሽ ስለት ቁጭ ብላ ነበር ማለት ነው። በአውሮፓም እንዲሁ ነው። በመካከለኛው ዘመን የተሳሉትን የጸሐፊዎች ሥዕሎች ብታዩ፣ በአንድ እጃቸው ብዕር በሌላው ቢላዋ ይዘው ነው የሚታዩት። እንግሊዞች የወፍ ላባ እየቀረጹ መጻፍ ከተዉ ዘመን ቢያልፋቸውም፣ ትንሿን የኪስ ቢላዋ እስከ ዛሬ «የብዕር ቢላዋ» ብለው ነው የሚጠሯት። ያቺው ቢርሚንግሃም በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የብረት ብዕር በገፍ ማምረት ስትጀምር ላባውም ቀረ፣ ቢላዋዋም ከጽሕፈት ጠረጴዛ ተሰናበተች። ስሟ ግን ቀረ። የእነሱ ቋንቋ ለትንሿ ስለት የጸሐፊነቷን ዘመን አስቀመጠላት፤ የእኛ ከተማ ቋንቋ ግን የዱርዬነቷን ብቻ አስታወሰ።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ጉድ ሳላነሳ ባልፍ ደግ አይሆንም። እኛ ከብረት ጋር ያለን ፍቅር ግራ የሚያጋባ ነው። ጎራዴውን እንሸልልለታለን፣ ማረሻውን እንበላበታለን፣ ቢላዋውን በየቤታችን እናስቀምጣለን፤ ሠሪውን ግን «ቀጥቃጭ» ብለን ሰደብን፣ «ቡዳ» ብለን ሸሸን፣ ልጃችንን ከለከልነው። ዓፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ሲያሠሩ ባለሙያው ክብር ነበረው፤ ምክንያቱም የሚሠራው የጦር ዕቃ ነው። ለገበሬው ማጭድ፣ ለእመቤቲቱ ቢላዋ የሚቀጠቅጠው ባላገር ግን ከሰው በታች ነበር። ነገሩ ከመብዛቱ የተነሳ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰድቡት በአዋጅ መከልከል ግድ ሆነባቸው። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከብዙ አፍ ሳይወጣ ቆየ። እንግዲህ ለመሣሪያ ሥራ ይህን ያህል ንቀት፣ ለጦር መሣሪያ ይህን ያህል አድናቆት ያለን ሕዝብ፣ አንዲት ስለት ባየን ቁጥር መሣሪያነቷ ሳይሆን የጦር መሣሪያነቷ ቀድሞ ቢታየን ይገርማል?

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። መቅረጫ የሚባል ነገር ክፍላችን ውስጥ አንድ ወይ ሁለት ልጅ ቢኖረው ነው። የቀረነው ምላጭ ለሁለት ገምሰን፣ ግማሿን በወረቀት ጠቅልለን ደብተራችን መሐል እንይዝ ነበር። ሃምሳና ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል፣ ሁሉም ስለት የያዘ! ያ ዘመን ደግሞ ምን ዓይነት ዘመን እንደነበር የማታስታውሱ ካላችሁ ጠይቁ። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቤት ለቤት አሰሳ ነበር፤ ሰው በየመንገዱ ይገደል ነበር። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል የትኛውም አስተማሪ የእኛን ምላጭ ሲቆጥር አላየሁም። «እጅህን እንዳትቆርጥ» ነበር የሚሉን። የሚፈሩት ለእኛ እንጂ እኛን አልነበረም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ግን የኅብረተሰብ ጠባይ የሚለካው በዚህ ነው እላለሁ።

ይሄ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ወደ ጃፓን እንሂድ። ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ «ሂጎኖካሚ» የምትባል ርካሽ የምትታጠፍ ቢላዋ ነበረች፤ የጃፓን ተማሪ እርሳሱን የሚቀርጸው፣ ከቀርከሃ መጫወቻ የሚሠራው በእሷ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 1960 የሶሻሊስት ፓርቲው መሪ ኢነጂሮ አሳኑማ ቶኪዮ ውስጥ መድረክ ላይ ንግግር ሲያደርጉ፣ አንድ የ17 ዓመት ወጣት ዘሎ ወጣና ወግቶ ገደላቸው። ሕዝቡ በቴሌቪዥን አየው። ገዳዩ የተጠቀመው በአጭር ሰይፍ ነው፤ ሂጎኖካሚ አልነበረችም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ «ልጆች ስለት አይያዙ» የሚል ዘመቻ አገሩን አዳረሰ። ቢላዋዋ ከተማሪው ኪስ ወጣች፤ የእርሳስ መቅረጫ ማሽን በቦታዋ ገባ፤ ሠሪዎቿም እየከሰሙ ሄዱ። የእኛ ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። ሰይፍ ገደለ፤ መቅረጫዋ ታሰረች።

አሜሪካኖችና እንግሊዞችም ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። የወጣት ወሮበሎች ወሬ ጋዜጣውንና ሲኒማውን በሞላበት በ1950ዎቹ፣ አሜሪካ በ1958፣ ብሪታንያ በ1959 እ.ኤ.አ. ቁልፉን ሲጫኑት ስለቱ ተፈናጥሮ የሚወጣውን ሰንጢ የሚመለከት ሕግ አወጡ። የእንግሊዞቹን የ1988 ሕግ ግን በአንድ ነገር አደንቀዋለሁ፤ በአደባባይ ስለት መያዝን ሲከለክል፣ ታጥፋ የምትዘጋና ስለቷ ከ3 ኢንች ያልበለጠችውን የኪስ ቢላዋ ለይቶ ተዋት። 3 ኢንች ማለት ወደ ሰባት ሳንቲሜትር ተኩል ነው። ሕጉ ሰውን በፊቱ አልጠረጠረም፤ ማስመሪያ አወጣና ለካ። ሌላ ስለት ይዘህ ብትገኝ ደግሞ ምክንያትህን ይጠይቅሃል፤ ሥራህን ተናገር ይልሃል።

ከዚያ መስከረም 2001 እ.ኤ.አ. መጣ። ከዚያን ቀን በፊት በአሜሪካ አውሮፕላን ላይ ከአራት ኢንች ያነሰ ስለት ይዞ መሳፈር የተፈቀደ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ የጥፍር መቁረጫ እንኳ ማብራሪያ የሚጠየቅበት ጊዜ መጣ። በ2013 የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት ስለቷ ከ6 ሳንቲሜትር የማትበልጠውን ትንሽ ሰንጢ ልፍቀድ ብሎ ነበር፤ የበረራ አስተናጋጆቹ ተቃወሙ፣ በሦስት ወር ውስጥ ሐሳቡን ሰረዘ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ አልፈርድባቸውም። አየር ላይ ሆኖ «እስቲ ሥራህን ተናገር» ማለት አይቻልም።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚገርመው ደግሞ የስዊስ ቢላዋ ነው። በዓለም የታወቀችው ያቺ ቀይ የኪስ ቢላዋ መነሻዋ ወታደር ቤት ነው። በ1891 እ.ኤ.አ. ካርል ኤልሰነር የተባለው ስለት ሠሪ ለስዊስ ጦር ማቅረብ ሲጀምር ጦሩ የፈለጋት ለምን መሰላችሁ? ወታደሩ ጠመንጃውን እንዲፈታባት፣ የቆርቆሮ ምግቡን እንዲከፍትባት። ለወታደር የተሠራችው የመክፈቻ ስም ይዛ ቀረች፤ ጎንደር ላይ ለማጉረስ የተያዘችው የልጅ ልጇ ግን የዘራፊ ስም ተሸከመች። ዓለም እንዲህ ናት።

እስካሁን ያልኩትን አንብባችሁ «ይሄ ሰውዬ ሰንጢ ይፈቀድ ሊለን ነው» ብላችሁ ከሆነ፣ ቆዩ። የማልሸሸው አንድ ነገር አለብኝ።

አስተማሪ በነበርኩበት ዘመን አንድ ተማሪ ነበረኝ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ብዙ ሳይናገር፣ ፈተና ላይ ግን አንብቤ የማልጠግበው ዓይነት ጽሑፍ የሚጽፍ ልጅ። ሊመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ በወንበር ምክንያት ጠብ ተነሳ፤ «ሰው አለው፣ የለውም» በሚል። የገደለው ሰው ሲገባ ባዶ እጁን ነበር። ቢላዋው ሎሚ ለመቁረጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ነው። ለቅሶው ላይ እናቱ ደጋግመው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቢላዋው ባይኖርስ ኖሮ?»

መልስ አልሰጠኋቸውም። ዛሬም የለኝም። በር ላይ ኪስ መፈተሽ ያንን ልጅ አያድነውም ነበር፤ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን ስለት ባይቀርብ ኖሮ ጠቡ በቡጢ አልቆ፣ ልጁ በማግሥቱ ዓይኑ አብጦ ክፍል ይመጣ እንደነበርም እውነት ነው። ስለዚህ «ብረት ምን አደረገ፣ ክፉው ሰው ነው» የሚለው ክርክር ለእኔ ግማሽ እውነት ነው። ለሀዘንተኛ እናት ደግሞ ግማሽ እውነት አይበቃም።

ታዲያ ቁርጥ ቤቱ ውስጥ ለምን አልተፈራራንም? ብዙ አስቤበታለሁ። ያገኘሁት መልስ ይሄ ነው፤ እዚያ ቢላዋው ሥራው ይታያል። ሥጋው አለ፣ ሚጥሚጣው አለ፣ እጁ ምን እያደረገ እንደሆነ ሁሉም ያያል። ሥራው ምስክሩ ነው። ሸንኮራ የሚሸጠው ልጅ በአደባባይ ያንን የሚያህል ስለት ይዞ ሲመትር ማን ይሸሸዋል? ገበሬው ማጭዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ መጥረቢያውን ተሸክሞ ገበያ መሐል ቢያልፍ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? የአፋሩ ጊሌ በወገቡ ላይ ቢታይ፣ አገሩ ነው፣ ባህሉ ነው፣ ሥራም ይሠራበታል ብለን እናልፋለን።

የከተማችን ሰንጢ ያጣችው ይሄንን ምስክር ነው። ብዕር መቅረጽ ቀረ። እርሳስ በመቅረጫ፣ ብርቱካን በጭማቂ ሆነ። ገመድና ማዳበሪያ የምንፈታው እኛ ሳንሆን ተላላኪው ነው። ሥራዋ አንድ በአንድ ከኪሳችን ሲወጣ፣ ኪስ ውስጥ የቀረው ስለቷ ብቻ ሆነ። ሥራ የሌለው ስለት ደግሞ፣ ሥራ እንደሌለው ወጣት፣ በሰፈሩ ሁሉ የሚጠረጠር ነው። በዚህ ላይ ከተማው አድጎ ጎረቤት ጎረቤቱን የማያውቅበት ዘመን መጣ። ያባቶቻችን ስለት በሚተዋወቅ ሰው መሐል ነበር፤ ሲያቀባብሉት እጀታውን ወደ ሰው፣ ስለቱን ወደ ራስ አድርገው ነው። ያቺ ትንሽ ሥርዓት «ላንተ ክፉ አላስብም» የምትል ቃል ነበረች። ይሄንን ሥርዓት ሳናስተምር ብረቱን ብቻ ብንሰበስብ መሳቢያው ይሞላል እንጂ ፍርሃቱ አይጎድልም።

ስለዚህ የምለው ይሄን ያህል ነው። ይፈተሽ። ግን ፈታሹ «ምንድነው?» ካለ በኋላ «ምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ይስማ። ያ ሳቂታ ልጅ ጠይቆኝ ነበር፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። የተተካው አልጠየቀኝም።

ከወር በኋላ ለዚያው ጉዳይ ተመልሼ ሄድኩ። ጉዳያችን በአንድ ቀን የሚያልቅበት ዘመን ገና ነው። በሩ ላይ ያው ሳቂታው ልጅ ነበር። ለቢሮው የመጣ ወረቀት መሰለኝ፣ በወፍራም ላስቲክ የታሰረ ካርቶን እግሩ ሥር አስቀምጦ በቁልፍ ይፈተፍተዋል። በቁልፍ አልሆን ሲለው በጥርሱ ሞከረ። ኪሴን ዳበሰና ምንም አጣ። ቀና ብሎ አየኝና፣

«ጋሼ» አለኝ፣ «ያቺን ነገር ዛሬ አልያዟትም እንዴ?»